የምትወዱትን ፎቶግራፈር ሳትገለብጡ የራሳችሁን ፕሮጀክት እንዴት ትሰራላችሁ፦ ከአንድ ጋቢ እና ከአንድ ግቢ ተነስቼ

ፎቶግራፊ መማር ከጀመርኩ ሶስተኛ አመቴን ይዣለሁ እና ከኔ በታች ያሉ ተማሪዎች አብዝተው የሚጠይቁኝ ስለ ካሜራ ወይ ስለ ሌንስ አይደለም፣ "የግል ፕሮጀክት ስሩ፣ ያነሳሳችሁን አርቲስትም ጥቀሱ ተባልን፣ ከየት እንጀምር" ነው የሚሉኝ። ስለዚ እኔ የሰራሁበትን መንገድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልጻፍላችሁ። ምሳሌ የማደርገው ባለፈው አመት ግቢያችን ውስጥ ጎረቤቶቻችንን ያነሳሁበትን ፕሮጀክት ነው፣ እቃው አንድ ካሜራ፣ አንድ 50 ሚሊሜትር ሌንስና የእናቴ ጋቢ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። በስልክ የምትሰሩም ትችላላችሁ፣ የሚለይበት ቦታ ላይ ስደርስ እናገራለሁ። አመተ ምህረቶቹ ሁሉም በፈረንጅ ናቸው።

1. አንድ ሰው ብቻ ምረጡ

ስልካችሁ ላይ ሴቭ ያደረጋችኋቸው ሶስት መቶ ፎቶዎች አይጠቅሟችሁም። ከሰላሳ ሰው ትንሽ ትንሽ ስትቀስሙ የምታወጡት ነገር የማንም አይሆንም፣ የእናንተም አይሆንም። አንድ ሰው ምረጡና ሁለት ወር አብራችሁት ቆዩ።

እኔ መጀመሪያ የመረጥኩት አይዳ ሙሉነህን ነበር፣ የማያውቃት ካለ አዲስ አበባ የተወለደች፣ ውጪ ሀገር ያደገች፣ ተመልሳ መጥታ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሰረተች ፎቶግራፈር ናት። ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ ፊታቸው የተቀባ ሴቶች፣ አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። የአክስቴን ልጅ አስቀምጬ ሁለት ሰአት ፊቷን ቀባሁ፣ ቀይ ጨርቅ አለበስኳት፣ አነሳኋት። ፎቶው ያምራል። ግን አንድ የማከብረው አስተማሪ አይቶ "ለምን ቀይ?" አለኝና መልስ አልነበረኝም። አይዳ ግን መልስ አላት። በ2018 ዳሎል ድረስ ሄዳ ዋተርኤይድ ለሚባለው የንጹህ ውሃ እርዳታ ድርጅት የሰራችውን ብታዩት ስለ ውሃ ነው፣ ውሃ የመቅዳት ሸክም ሴት ላይ ስለመውደቁ ነው፣ እና የዛን ደረቅ ጨው መሬት ባዶነት ከነዛ ቀለሞች ጋር ስታጋጨው ቀለሙ ስራ ይሰራል፣ እንዲያምር ብቻ አልተቀመጠም። እኔ የወሰድኩት መልኩን ነው፣ ምክንያቱን እዛው ትቼው መጣሁ። ከዛ በኋላ ነው የገባኝ፣ ከአርቲስት የሚወሰደው የሚሰራበት ህግ ነው፣ መልኩ የሱ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ማንን እንምረጥ ለምትሉ፣ መስፈርቱ "ከማን ፎቶ ጋር ነው ብዙ ጊዜ የምቆየው" ነው። ታዋቂ መሆን የለበትም። እንደውም ቤታችሁ አልበም ውስጥ ያለው፣ አያታችሁ በወጣትነታቸው የተነሱት፣ ከኋላ ሐይቅና አበባ የተሳለበት የፎቶ ቤት ፎቶ፣ እሱን ያነሳው ስሙ የማይታወቅ ሰውዬ ሊሆን ይችላል። እኛ ሀገር የስቱዲዮ ፎቶ ታሪክ ረጅም ነው፣ ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ የቤተመንግስት ፎቶ ያነሱ የነበሩት የአርመን ቤተሰቦች ቦያጂያኖች አሉ፣ ከነሱ ወዲህ በየከተማው ስንት ፎቶ ቤት ተከፍቶ ተዘግቷል። አልበሙን አውጡት በናታችሁ፣ ሰው እያለ ማን እንደሆነ ጠይቁ።

2. ህጉን ፈልጉ

የመረጣችሁትን ሰው አስር ፎቶ ያዙ፣ ደብተር ክፈቱ፣ ለያንዳንዱ ፎቶ እነዚህን ጻፉ። ብርሃኑ ከየት ነው የመጣው (ጥላው ወዴት እንደወደቀ እዩ፣ አይን ውስጥ ያለችውን ነጭ ነጥብም እዩ፣ መስኮት ይሁን ፍላሽ ይሁን እሷ ትናገራለች)። ካሜራው ስንት እርምጃ ይርቃል። ቁመቱ ከአይን በላይ ነው ከአይን በታች። ከኋላ ምን አለ። እጅ ምን ይሰራል። ሰውየው እየተነሳ መሆኑን ያውቃል? ለማን ነው የተነሳው፣ ማንስ ከፈለ? የመጨረሻውን አትዝለሉት፣ ብዙ ነገር የሚፈታው እሱ ነው።

እኔ ሁለተኛ ላይ የመረጥኩት ሴይዱ ኬይታን ነው፣ የማሊ ሰው፣ በ1948 ባማኮ ላይ ስቱዲዮ የከፈተ። አስሩን ፎቶ ደብተሬ ላይ ስጽፍ የወጣልኝ ይሄ ነው። ባክግራውንዱ መጀመሪያ ላይ የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር፣ ከዛ በየሁለት ሶስት አመቱ ጨርቅ ይቀይራል፣ እንደውም ብዙ አመት ቆይቶ ፎቶዎቹ መቼ እንደተነሱ ይለይ የነበረው ጨርቁን አይቶ ነው። ብርሃኑ አብዛኛው ግቢ ውስጥ ያለ የቀን ብርሃን ነው። ፊልም ውድ ስለነበረ ለአንድ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሳው። ሰዎቹ ከፍለው ነው የመጡት፣ ስለዚ እንዴት መታየት እንደሚፈልጉ የሚወስኑት እነሱም ናቸው፣ ሬዲዮ ይይዛሉ፣ ሰአት ያሳያሉ፣ ስኩተር ላይ ይቀመጣሉ፣ የሌለው ከስቱዲዮው ይዋሳል።

አሁን ይሄን ወደ ህግ ስቀይረው፦ አንድ ጨርቅ፣ የግቢ ብርሃን፣ በጣም ጥቂት ፍሬም (አንዴ ጠቅ ያደረጋችሁት አንድ ፍሬም ነው)፣ የሚያዘውን እቃ ተነሺው ይመርጣል። አራት መስመር። ይሄ ባማኮ ብቻ የሚሰራ ነገር አይደለም፣ ኮልፌም ይሰራል፣ ደሴም ይሰራል፣ ቤይሩት ያለች እህታችንም በእረፍት ቀኗ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ልትሰራው ትችላለች።

ሌሎችንም በዚህ መንገድ ሞክሬያቸዋለሁ። ሳሙኤል ፎሶ በ1975 የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ባንጊ ላይ ስቱዲዮ ሲከፍት 13 አመቱ ነበር፣ ቀን የደንበኛ ፎቶ ያነሳና ማታ ከፊልሙ በተረፈችው ቦታ ራሱን ያነሳል፣ ናይጄሪያ ላሉት አያቱ ለመላክ። ህጉ፦ ከስራ የተረፈውን በራስ ላይ ተጠቀም። ያ ልጅ አድጎ በ2008 ራሱን እንደ ማልኮም ኤክስ፣ እንደ አንጄላ ዴቪስ፣ እንደ ጃንሆይም አድርጎ አነሳ፣ የጃንሆይን ፎቶ ያደገበት ቤት ግድግዳ ላይ ያየ ሰው እሱን ሲያይ የሚሰማው ሌላ ነው። ግርማ በርታ ደግሞ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ሰዎችን በአይፎን እያነሳ ከአካባቢያቸው ቆርጦ አንድ ቀለም ላይ ብቻ ያስቀምጣቸዋል፣ ሊስትሮው፣ ተሸካሚው፣ ጥላቸው ብቻ አብሯቸው። በ2016 የፎቶ ድርጅቱ የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ግራንት (ለስራ የሚሰጥ ገንዘብ) ያገኘው በዚህ በስልክ በሰራው ስራ ነው፣ ስለዚ "ካሜራ የለኝም" የሚለውን ነገር እዚህ ጋ እንተወው። ህጉ፦ ጩኸቱን አውጣ፣ ሰውየው ይቅር። ሚካኤል ጸጋዬ ስእል ነበር የተማረው፣ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆነበትና ወደ ፎቶ ዞረ፣ የሚፈርሱ የአዲስ አበባ ሰፈሮችን በተረጋጋ አይን አንስቷል። ህጉ፦ ነገሩ ከመጥፋቱ በፊት ሂድ፣ ድምጽህን አትጨምር። ሰፈራችሁ ሊፈርስ ነው የተባላችሁ ካላችሁ ከዚህ ሁሉ እሱን ነው አስቀድማችሁ ማየት ያለባችሁ፣ ዛሬ ጀምሩ፣ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በ2024 ሲፈርስ ስንቶቻችን "ነገ አነሳዋለሁ" እንዳልን አውቃለሁ።

3. ለልምምድ ገልብጡ፣ ግን ለራሳችሁ ያዙት

አንድ ቅዳሜ ውሰዱና አንድ ፎቶ በትክክል ለመድገም ሞክሩ። ብርሃኑን፣ ርቀቱን፣ የእጁን አቀማመጥ፣ ሁሉን። ይሄ እንደ ፊደል ጽፈት ነው፣ መምህር የጻፈውን ስር እየሄዱ መድገም። የኬይታን አንዱን ስደግም ነበር ካሜራው ካሰብኩት ዝቅ ያለ መሆኑን ያወቅኩት፣ ደረት አካባቢ ነው፣ ለዛ ነው ሰዎቹ ሁሉ ክብር ያላቸው የሚመስሉት። አይቼ አላወቅኩትም ነበር፣ ጉልበቴን አጥፌ ስቆም ነው ያወቅኩት። ያንን ፎቶ ግን ፖርትፎሊዮ ውስጥ አታስገቡ፣ ፎልደሩ ላይ "ልምምድ" ብላችሁ ዝጉት።

4. ህጉን ቤታችሁ አምጡት

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። ጥያቄው "ይሄ ሰውዬ እኔ ግቢ ቢወለድ ምን ያነሳ ነበር" ነው። እኔ ጨርቁን ስፈልግ ገበያ ሄጄ የአፍሪካ ጨርቅ የሚባለውን ልገዛ ነበር፣ ቆም ብዬ ሳስብ ግን የኬይታ ጨርቅ የአልጋ ልብሱ ነው፣ የለት ተለት ነገር። የኛ ቤት የአልጋ ልብስ ምንድነው? ጋቢ ነው። ሰው ሲታመም የሚለብሰው፣ ለቅሶ ቤት የሚሄድበት፣ ጠዋት ሲበርድ ትከሻ ላይ የሚጣለው። የእናቴ ጋቢ ደግሞ አንድ ጫፉ ላይ የተጣፈ ነው፣ እሱም ይታይ ብዬ ተውኩት።

እቃውን በተመለከተ ሁሉንም ጎረቤት "ሲነሱ ይዘውት መታየት የሚፈልጉትን አንድ ነገር ይዘው ይምጡ" ነው ያልኩት፣ ምንም ሀሳብ አልሰጠሁም። ሀሳብ ብሰጥ ኖሮ ጀበናና ማሲንቆ ይመጣ ነበር፣ ሰው ፎቶ አንሺው የሚፈልገውን አውቆ ነው የሚያመጣው። ያመጡትን ልንገራችሁ። ልብስ ሰፊው ጋሼ ትልቁን የብረት መቀሳቸውን። አንዲት ልጅ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷን ፕሪንት አድርጋ። ሞተር ላይ ዴሊቨሪ የሚሰራው ልጅ ሄልሜቱን፣ ግን ሳያጠልቀው፣ ጉያው ስር ይዞ። እትዬ እያልን የምንጠራቸው ሴትዮ ባዶ እጃቸውን መጡና "እኔ የምይዘው የለኝም፣ እጄ ራሱ ይበቃል" አሉኝ፣ እንጀራ እየጋገሩ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት፣ በጣም የምወደው ፎቶ እሱ ነው። ከቤይሩት የተመለሰችዋ ጎረቤታችን ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፣ የአየር መንገዱ ወረቀት እጀታው ላይ እንደተለጠፈ ነው። ምንም አላልኳትም። ቁጭ አለችበት።

አያችሁ፣ ከኬይታ የወሰድኩት ህጉን ብቻ ነው፣ ግን ፎቶው ውስጥ ያለው ሁሉ የኛ ሰፈር ነው። ማንም አይቶት "ኬይታን ገልብጠሃል" አይልም፣ እኔ ግን ከማን እንደተማርኩ በግልጽ እናገራለሁ።

5. ፈቃድ

ትልልቅ ሰዎች ጋ ካሜራ አንግታችሁ አትሂዱ። መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ሂዱ፣ ቡና ከተፈላ ቁጭ በሉ፣ ከዛ "እማማ፣ ትምህርት ቤት የምሰራው ስራ አለ፣ ፎቶ ላነሳዎት ፈልጌ ነበር፣ ይፈቅዱልኛል?" በሉ። የት እንደሚታይ ንገሯቸው። ለኤግዚቢሽን መፍቀድ ቴሌግራም ቻናል ላይ ለመለጠፍ መፍቀድ አይደለም፣ ለየብቻ ጠይቁ። ህጻን ከሆነ እናት ወይ አባት ፊት ለፊት ቆመው። "እምቢ" ያለን ሰው ሁለተኛ አትጠይቁ፣ ሌሎቹ ሲነሱ አይቶ ራሱ ከመጣ ደስ ይላል፣ ካልመጣም መብቱ ነው።

መንገድ ላይ የምትሰሩ ከሆነ ከትምህርት ቤታችሁ ማህተም ያለው የድጋፍ ደብዳቤ አጽፉ፣ ኮፒውን የካሜራ ቦርሳ ውስጥ፣ ፎቶውን ስልክ ላይ ያዙ፣ መታወቂያም። የመንግስት ህንጻና ጥበቃ ያለበት ቦታ አካባቢ ሳትጠይቁ ካሜራ አታውጡ። ካስቆሟችሁ በእርጋታ ደብዳቤውን አሳዩ፣ አትከራከሩ።

6. ብርሃን፣ ርቀት፣ ጋቢው

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙ አትርቅም፣ 9 ዲግሪ አካባቢ ናት፣ ከፍታዋ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ይሄ ማለት እኩለ ቀን ላይ ጸሀይ አናታችሁ ላይ ነው ያለችው፣ አየሩም ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ይሰላል፣ አይን ስር ጥቁር ጉድጓድ ይሰራል፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ ጥላ ይጥላል። ከስድስት ሰአት እስከ ዘጠኝ ሰአት ሜዳ ላይ ፖርትሬት አታንሱ። ከጠዋቱ አንድ ሰአት ተኩል እስከ ሶስት፣ ወይም ከሰአት ከአስር እስከ አስራ አንድ ተኩል ጥሩ ነው። ማምሻው ላይ ጸሀይዋ ቶሎ ነው የምትጠልቀው፣ የሰሜን ሀገር ሰዎች ዩቲዩብ ላይ የሚያወሩት ረጅም ወርቃማ ሰአት እኛ ጋ የለም፣ ስለዚ ሰውየው ሳይመጣ ሁሉን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

ከዛ ሁሉ ግን እኔ የምመክረው ጥላ ነው። የቤት ጥላ ስር፣ ፊቱ ወደ ክፍት ሰማይ የዞረ። ጋቢውን ግድግዳ ላይ በሁለት ሚስማርና በገመድ ወጥሩ፣ ሰውየው ከጋቢው አንድ ሜትር ወደ ፊት ይውጣ (ከተጠጋ ጥላው ጋቢው ላይ ያርፋል)፣ እናንተ ከሱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ራቁ። ዙሪያችሁን እዩ፣ አጥሩ አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ የተቀባ ቆርቆሮ ከሆነ ቀለሙ ፊት ላይ ይረጫል፣ ጉንጭ ላይ አረንጓዴ ነገር አይታችሁ ከየት መጣ የምትሉት ከዛ ነው። ወይ ቦታ ቀይሩ ወይ አጥሩን በነጭ አንሶላ ሸፍኑት፣ አንሶላው ራሱ ብርሃን ይመልስላችኋል። አንዱ ጉንጭ ጨለማ ከሆነ የቲቪ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም አንድ ጎረምሳ ይያዝላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካሜራ የሚለካው ያየው ነገር ሁሉ አማካይ ግራጫ ነው ብሎ አስቦ ነው። ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ነጠላ፣ የሀበሻ ቀሚስ ሲያይ "በጣም በርቷል" ብሎ ያጨልመዋል፣ አብሮ የሚጨልመው ደግሞ የሰው ፊት ነው። የሰርግና የጥምቀት ፎቶዎቻችን ላይ ሰው ሁሉ ከሰል መስሎ የሚወጣው ለዚህ ነው፣ የቆዳችን ቀለም ጥፋት የለበትም። ስለዚ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን የሚባለውን (የፕላስና የማይነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ) ከ0.7 እስከ 1.3 ወደ ፕላስ አምጡ። ወይም ስፖት ሜተር (ካሜራው አንድ ትንሽ ቦታ ብቻ እንዲለካ የሚያደርገው) አድርጋችሁ ፊት ላይ ለኩ። ከዛ ስክሪኑ ላይ አጉሉና ጋቢውን እዩ፣ የክሩ ሽመና ከታየ ጥሩ ነው፣ ዝም ብሎ ነጭ ወረቀት ከሆነ ትንሽ መልሱ። ፊቱም ሽመናውም አብረው የሚታዩበት ቦታ አለ፣ እስክታገኙት ራሳችሁ ወይ ወንድማችሁ ላይ ሞክሩ፣ እማማን አስቁማችሁ አትሞክሩ። በሮው (ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥበት ፋይል) አንሱ፣ በተለመደው ጄፔግ ላይ የነጣ ጋቢ አይመለስም።

ቁጥሩን ለሚፈልግ፣ እኔ ኤፍ 4 ወይም 5.6 (የሌንሱ ቀዳዳ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ሹተር (የመክፈቻው ፍጥነት) ከ1/160 ሰከንድ ያልዘገየ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ከ100 እስከ 800 እንደ ብርሃኑ። 1.8 ሌንስ አለን ብላችሁ ሁልጊዜ 1.8 ላይ አትሁኑ፣ ያ ሲሆን አይኑ ጥርት ይልና ጆሮው፣ እጁ፣ የያዘው መቀስ ይደበዝዛል፣ በዚህ ፕሮጀክት እጅና እቃ እኩል ከፊት ጋ መታየት አለባቸው።

በስልክ ከሆነ፣ ፊት ላይ አትጠጉ፣ ዋናው ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ቀርባችሁ ስታነሱ አፍንጫ ያተልቃል። ሁለት ሜትር ራቁ፣ ስልኩ እውነተኛ ቴሌ ሌንስ (ከሩቅ የሚያቀርብ) ካለው ተጠቀሙ፣ ከሌለው ራቅ ብላችሁ አንሱና በኋላ ቁረጡ። ፖርትሬት ሞድ (ከኋላ ያለውን የሚያደበዝዘውን) አጥፉ፣ የነጠላ ጥለትና ዘርፍ፣ የተበተነ ጸጉር ላይ ጠርዙን ይበላዋል። ፊቱን ስክሪን ላይ ነክታችሁ ያዙና ብርሃኑን በጣት ወደ ላይ ጎትቱ፣ ያው ያልኩት ፕላስ እሱ ነው።

7. ሶስት ፍሬም

ኬይታ አንድ ነበር፣ እኔ ለራሴ ሶስት ፈቀድኩ። ካርዱ ላይ ሁለት ሺ ፎቶ ይገባል፣ አውቃለሁ፣ ግን ሶስት ብቻ ነው ብላችሁ ስትወስኑ ማየት ትጀምራላችሁ፣ ኮሌታው እንደተጠማዘዘ፣ ጋቢው እንደረገበ፣ ሴትዮዋ ትንፋሽ እንደያዙ ታያላችሁ። ለሰውየውም ንገሩት፣ "ሶስቴ ብቻ ነው የማነሳዎት" ስትሉት እሱም ይዘጋጃል፣ ቀና ይላል። ሳቁ አትበሉ። በኛ ሀገር ትልቅ ሰው ፎቶ ሲነሳ ኮስተር ይላል፣ እሱ ነው የሱ ክብር፣ እሱን አንሱ። ከሶስተኛው በኋላ ካሜራውን አውርዳችሁ ቢያንስ አምስት ደቂቃ አውሩ፣ ያወሩትን ማታ ደብተር ላይ ጻፉ።

8. ኮፒ

ፎሶ ባንጊ ያለው ቤቱ በ2014 ተዘርፎ የስንት አመት ኔጌቲቩ መንገድ ላይ ተበትኖ ነበር፣ እድለኛ ሆኖ ለሌላ ስራ እዛ የነበሩ ጋዜጠኞች አይተው ለቀሙለት። ያንን ካነበብኩ ጀምሮ በተነሳበት ቀን ማታ ሳልገለብጥ አልተኛም። እኔም አንድ ካርድ ተበላሽቶብኝ የሁለት ሳምንት ስራ ሄዷል፣ ከነሱ ውስጥ አንዱ ሰውዬ አሁን በህይወት የሉም፣ ሁለተኛ ላነሳቸው አልቻልኩም። ሶስት ቦታ አስቀምጡ፣ ኮምፒውተር፣ ሃርድ ዲስክ፣ ሶስተኛውን ከቤት ውጪ፣ ዘመድ ቤት ወይም ኦንላይን። ቴሌግራም "ሴቭድ ሜሴጅስ" ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ያሳንሰዋል።

9. ምርጫ

ይሄ ከማንሳት ይከብዳል። እኔ 31 ሰው አነሳሁ፣ 93 ፍሬም፣ ያሳየሁት 12 ነው። እንዲህ አደረግኩ፣ ከያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ መርጬ በርካሹ ወረቀት 10 በ 15 ሴንቲሜትር አሳተምኩና የሳሎን ወለል ላይ ዘረጋኋቸው። ስክሪን ላይ አትምረጡ፣ ስክሪን ላይ ሁሉም ያበራል። ወለል ላይ ስታዩ ግን የትኛው ከየትኛው ጋ እንደሚነጋገር ይታያል። መጀመሪያ የሚደጋገሙትን አወጣሁ። ከዛ በጣም የማፈቅራቸውን ግን ከሌሎቹ ጋ የማይሄዱትን፣ አንድ የሚያምር ልጅ ነበረ፣ ካሜራው ላይ ስቆ ያየ፣ ቆንጆ ፎቶ ነው፣ ግን ህጉ የማይመለከተው ፎቶ ሆነብኝ፣ አወጣሁት። ሳምንት ተውኳቸው። ከዛ ፎቶ የማይማር ሰው አመጣሁ፣ እናቴን፣ "የትኛው ጋ ቆምሽ" አልኳት፣ "የትኛው ያምራል" አይደለም የተባለው። እሷ የሻንጣዋ ጋ ቆመች፣ ብዙ ቆየች። እሱን የመጨረሻ አደረግኩት፣ የእትዬን ባዶ እጅ የመጀመሪያ። በመሀከላቸው ያሉት አስሩ ከእጅ ወደ ሻንጣ እየሄዱ ነው።

10. ጽሁፉና ፕሪንቱ

ስለ ስራው የምትጽፉትን መጀመሪያ በምታወሩበት ቋንቋ ጻፉ፣ ለጓደኛ ስልክ ላይ እንደምትነግሩት። ምን እንዳነሳችሁ፣ የት፣ በምን ህግ፣ ህጉን ከማን እንዳገኛችሁ። አንድ መቶ ሀምሳ ቃል ይበቃል። "ማንነትን መፈተሽ" "ትውስታና ቦታ" የሚሉ ቃላትን ስታዩ ሰርዙና ጋቢው የማን እንደነበር ጻፉ። የአርቲስቱን ስም ግልጽ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ከሰው መማር አያሳፍርም፣ መደበቁ ነው የሚያሳፍረው።

ለኤግዚቢሽን 20 በ 30 ሴንቲሜትር ከሆነ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ወደ 2400 በ 3600 ፒክስል ያስፈልጋል፣ 9 ሜጋፒክስል ገደማ ማለት ነው፣ ብዙው ስልክ ይበቃል። ማተሚያ ቤቱ ጋ ሁሉንም ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ብቻ ለሙከራ አሳትሙ፣ እኔ አንድ ቦታ ያለሙከራ ሰጥቼ ማሽኑ በራሱ "አስተካክሎ" የሁሉንም ፊት አንጥቶት መለሰልኝ። "ኮሬክሽን አጥፉልኝ" በሉ፣ ቆማችሁ እዩ። ወረቀቱ ማት (የማያብለጨልጭ) ይሁን፣ ግሎሲ (የሚያብለጨልጭ) ላይ የጋቢው ነጭ ያንጸባርቃል።

እና ኤግዚቢሽኑ ከመከፈቱ በፊት ለተነሱት ሰዎች ለያንዳንዳቸው ፕሪንታቸውን ውሰዱላቸው፣ ሳይመረጡ ለቀሩትም ጭምር፣ ሰላሳ አንዱም። ሰው በስልክ ላኩልኝ ይላል፣ ላኩ፣ ግን ወረቀቱንም ስጡ። ከጀርባው ስማቸውን፣ ቀኑን፣ የሰፈሩን ስም ጻፉ። በእስክሪብቶ ተጭናችሁ አትጻፉ፣ ወደ ፊት በኩል ይወጣል፣ ቀጭን ማርከር ተጠቀሙና አንዱን ካንዱ ላይ ከመደረባችሁ በፊት ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቁ። ለልብስ ሰፊው ጋሼ ሳደርስላቸው መቀሳቸውን አስቀምጠው እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ነው የተቀበሉኝ፣ አሁን ከሲንጀሩ በላይ ተሰቅሏል።